አባ ጊዶ ዘአሬዞ፦ ለዜማ ጉድጓድ ገመድ ያበጁ መነኩሴ



የቁምስናችን መዘምራን ለእሑድ ቅዳሴ ሲለማመዱ በአጠገባቸው ያለፈ ሁሉ፣ መሪው ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እያለ ድምፁን ከፍና ዝቅ ሲያደርግ፣ ልጆቹም ተከትለውት ሲወጡና ሲወርዱ ሳይሰማ አልቀረም። እነዚህ ቃላት ለብዙዎቻችን የባዕድ አገር ድምፅ ብቻ ይመስሉናል። ከየት እንደ መጡ፣ ማን እንዳወጣቸው፣ ለምንስ እንዳስፈለጉ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ታሪካቸው ሲመረመር ግን መነሻቸው ጸሎት ሆኖ ይገኛል። ለቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ክብር ከሚዘመር አንድ መዝሙር ተለቅመው የወጡ ሲሆኑ፣ ያወጧቸውም ስለዚሁ ሥራቸው በገዛ ወንድሞቻቸው ቅናት ከገዳማቸው ለመውጣት የተገደዱ አንድ መነኩሴ ናቸው።

እኚህ መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ ይባላሉ። የሕይወታቸውን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። መዘምራን የሚጠቀሙባቸውን ቃላት ምንጭ ለማወቅ ይረዳል፤ ከዚያም ይበልጥ እውቀትን ለሌላው ማስተላለፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል፣ ምን ያህል ፍሬም እንደሚያፈራ ያስተምረናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

በፖምፖዛ ገዳም

አባ ጊዶ የተወለዱት በ990ዎቹ መጀመሪያ ገደማ እንደ ሆነ ይገመታል። ስለ ወላጆቻቸውና ስለ ልጅነታቸው የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በታሪክ ፊት የሚታዩት መነኩሴ ሆነው፣ በሰሜን ጣሊያን ከፌራራ ከተማ በስተ ምሥራቅ፣ የፖ ወንዝ ወደ አድርያቲክ ባሕር በሚገባበት ረግረጋማ አገር በምትገኘው በፖምፖዛ ገዳም ነው። ገዳሟ የቅዱስ ቤኔዲክቶስን ሕግ የምትከተል፣ በዘመኗ በትምህርትና በመጻሕፍት ስሟ የተጠራ ነበረች። በዚያን ጊዜ አበምኔቷ ከመነኩሴው ጋር ስመ ሞክሼ የነበረው፣ ቤተ ክርስቲያን በኋላ በቅድስና ያከበረችው ቅዱስ ጊዶ ነበር። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ እንዳይቀላቀሉ እርሱን በዚህ ጽሑፍ አበምኔቱ እያልን እንጠራዋለን።

በቤኔዲክቶስ ሕግ መሠረት መነኮሳቱ ቀንና ሌሊት በየሰዓቱ ተነሥተው ያመሰግናሉ። መቶ ሃምሳውን መዝሙረ ዳዊት በየሳምንቱ ይፈጽማሉ። በመዝሙሩ መነሻና መድረሻ የሚዜሙትን አንቲፎና የሚባሉትን አጫጭር ዜማዎችም እንደ በዓሉና እንደ ወቅቱ እየለዋወጡ ያደርሳሉ። እነዚህ ዜማዎች በብዙ መቶዎች የሚቆጠሩ ነበሩ። በእኛ አገር ድጓ የዓመቱን በዓላት ዜማ እንደሚይዝ ሁሉ፣ በላቲን ሥርዓትም አንቲፎናርዮ የተባለው ትልቅ መጽሐፍ ለየበዓሉ የሚሆነውን ይዞ ይገኝ ነበር።

ገመድ የሌለው ጉድጓድ

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። መጽሐፉ ቃሉን ይዟል፤ ዜማውን ግን በሚገባ አልያዘም። ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ከቃላቱ በላይ የሚጻፉ ትናንሽ ምልክቶች ነበሩ። እነዚህ ምልክቶች ድምፁ ወደ ላይ እንደሚወጣ ወይም ወደ ታች እንደሚወርድ፣ እንደሚንቀጠቀጥ ወይም እንደሚለሰልስ ያመለክታሉ። ነገር ግን ምን ያህል እንደሚወጣና ምን ያህል እንደሚወርድ በአብዛኛው አይናገሩም ነበር። ስለዚህ ዜማውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ይሆናሉ እንጂ ለማያውቀው አያስተምሩትም።

ከዚህ የተነሣ ዜማን መማር ማለት ከመምህሩ አፍ እየሰሙ አንዱን ከሌላው በኋላ በቃል መያዝ ነበር። አባ ጊዶ በጽሑፋቸው እንዳመለከቱት፣ መዘምራን በዚህ ድካም እስከ አሥር ዓመት ቢቆዩም አንዲት አንቲፎና እንኳ ያለ መምህር በራሳቸው ለማዜም አይችሉም ነበር። ሌላው ችግር ደግሞ አለመስማማት ነው። መምህራኑ በዜማው ስለሚለያዩ ደቀ መዛሙርቱም ይለያያሉ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚዜመው በሌላው አይታወቅም፤ በአንድ መዘምራን ጉባኤ ውስጥ እንኳ አንዱ አንድ መንገድ፣ ሌላው ሌላ መንገድ ይዞ ይሄዳል። መነኮሳቱ ለጸሎትና ለቅዱሳት መጻሕፍት ሊሰጡት የሚገባቸው ጊዜ በዚህ ያልቅ ነበርና፣ ይህ የአባ ጊዶን ልብ እጅግ ያሳዝን ነበር።

መስመርና ፊደል የሌላቸውን እነዚያን ምልክቶች አባ ጊዶ ገመድ በሌለው የውኃ ጉድጓድ መስለዋቸዋል። ውኃው የተትረፈረፈ ነው፤ ነገር ግን የሚቀዳበት ስለሌለ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ጥማተኛ ምንም አይጠቅመውም። ከጉድጓድ ውኃ ለሚቀዳ የገጠር ምእመን ይህ ምሳሌ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

መስመርና ቀለም

አባ ጊዶ ሚካኤል ከተባለ የገዳም ወንድማቸው ጋር ሆነው አዲስ አንቲፎናርዮ ማዘጋጀት ጀመሩ። የሠሩት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። በገጹ ላይ መስመሮች አሰመሩ፤ ምልክቶቹንም በመስመሮቹ ላይና በመስመሮቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ አስቀመጡ። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ የሆነ ቋሚ ቦታ ተሰጠው። በአንድ መስመር ላይ የተቀመጡ ምልክቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው፤ ከፍ ባለው ቦታ ያለው ከፍ ብሎ፣ ዝቅ ባለው ቦታ ያለው ዝቅ ብሎ ይዜማል። የትኛው መስመር የትኛው ድምፅ እንደ ሆነ እንዲታወቅ በመስመሩ ራስ ላይ ፊደል ጻፉበት። ዓይን ቶሎ እንዲለየውም ሁለቱን ዋና ዋና መስመሮች አንዱን በቀይ፣ ሌላውን በቢጫ ቀለም አሰመሯቸው።

በእውነት ለመናገር፣ ሁሉንም ከምንም ተነሥተው አልፈጠሩትም። ድምፆችን በላቲን ፊደላት መሰየም ከእርሳቸው በፊት ይታወቅ ነበር፤ አንድ መስመር አስምረው የሚጽፉም ነበሩ። የአባ ጊዶ ድርሻ የተበታተነውን አሰባስበው፣ አንድ ወጥ ሥርዓት አድርገው፣ ሕፃን ሊማረው በሚችል መንገድ ማቅረባቸው ነው። ውጤቱም ታየ። የሚያስተምሯቸው ልጆች ከአንድ ወር በማይበልጥ ልምምድ ዐይተውትም ሰምተውትም የማያውቁትን ዜማ ከመጽሐፉ አንብበው ያለ ስሕተት ለማዜም ቻሉ። አሥር ዓመት ይፈጅ የነበረው ትምህርት በአንድ ዓመት፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት የሚጠናቀቅ ሆነ።

ቅናትና ስደት

እንዲህ ያለ ሥራ ምስጋና ያስገኛል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። በፖምፖዛ የሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ በማጥናት የደከሙ፣ በዚያም የተከበሩ ወንድሞች በአዲሱ ትምህርት ደስ አልተሰኙም። የአባ ጊዶ ስም በወጣ መጠን ቅናቱ በረታ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ አበምኔቱ ራሱ የተቃዋሚዎቹን ቃል ሰምቶ ከእነርሱ ጋር መስማማቱ ነው። አባ ጊዶም ገዳማቸውን ለቅቀው ለመሄድ ተገደዱ፤ ወንድማቸው ሚካኤል ግን በዚያው ቀሩ።

በኋላ ለሚካኤል በጻፉት ደብዳቤ ያን ጊዜ ሲያስታውሱ፣ እርሳቸው ወደ ሩቅ አገር እንደ ተሰደዱ፣ ሚካኤልም በቅናተኞች ወጥመድ ተይዘው መተንፈስ እስኪያቅታቸው እንደ ተጨነቁ ገልጸዋል። በዚያም አንድ የቆየ ታሪክ አንሥተዋል። በሮም ቄሳር ዘመን አንድ የእጅ ባለሙያ የማይሰበር መስታወት ሠርቶ ለንጉሡ አቀረበ፤ ሽልማት ሲጠብቅ ሞት ተፈረደበት፤ ጥበቡም ከእርሱ ጋር ጠፋ። አባ ጊዶ ይህን የተረኩት ከክፋት ሁሉ የሰውን ልጅ ጥቅም የሚያጠፋው ቅናት እንደ ሆነ ለማስረዳት ነው። ይሁን እንጂ ደብዳቤው በምሬት አያበቃም፤ አብዛኛው ክፍል ዘዴውን ለሚካኤልና ለሌሎች በዝርዝር የሚያስተምር ነው። የተሰደዱበትን እውቀት መልሰው ለዚያው ቤት ላኩት።

በአሬዞ ካቴድራል

በ1025 ገደማ አባ ጊዶ በመካከለኛው ጣሊያን ወደምትገኘው ወደ አሬዞ ከተማ ደረሱ። የዚያ ሀገረ ስብከት ጳጳስ ከ1023 እስከ 1036 በመንበሩ የቆዩት አቡነ ቴዎዳልዶ ነበሩ። ጳጳሱ የመነኩሴውን ሙያ ተረድተው በካቴድራሉ የሚዘምሩትን ልጆች እንዲያስተምሩ ሾሟቸው። ጊዶ ዘአሬዞ የተባሉትም ከዚህ የተነሣ ነው።

በጳጳሱ ፈቃድና ትእዛዝ ሚክሮሎጉስ የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ፤ ስሙ በግሪክኛ አጭር ንግግር ማለት ነው። መጽሐፉ 20 ምዕራፎች አሉት። ድምፆች በአንድ ክር በተወጠረ መሣሪያ ላይ እንዴት እንደሚለኩ፣ ስምንቱ የዜማ ስልቶች እንዴት እንደሚለዩ፣ መልካም ዜማ እንዴት እንደሚደረስ፣ በዋናው ዜማ ላይ ሁለተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚታከል ያስተምራል። ዜማ በሰው ልብ ላይ ስላለው ኃይልም ይናገራል። በመካከለኛው ዘመን በየገዳሙና በየካቴድራሉ እጅግ ብዙ ጊዜ በእጅ ከተገለበጡት የዜማ መጻሕፍት አንዱ ይኸው ነው።

አባ ጊዶ በመምህርነታቸው ለስላሳ ብቻ አልነበሩም። የሚያዜሙትን ሳያውቁ በልማድ ብቻ በሚጮኹ መዘምራን ላይ ብዕራቸው ስለታም ነበር። ሆኖም ቁጣቸው ባለመማር ላይ እንጂ በተማሪው ላይ አልነበረም። የፈላስፎችን ረቂቅ ነገር ትተው ለልጆች የሚጠቅመውን ብቻ መርጠው መጻፋቸው ይህን ያሳያል።

በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፊት

የአሬዞ ልጆች ዝና እስከ ሮም ደረሰ። ከ1024 እስከ 1032 በቅዱስ ጴጥሮስ መንበር የነበሩት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 19ኛ ነገሩን ሰምተው ተደነቁ። በአዲሱ መጽሐፍ ልጆች ሰምተውት የማያውቁትን ዜማ ያውቃሉ መባሉን በዓይናቸው ለማየት ፈልገው ሦስት መልእክተኞች ላኩባቸው። አባ ጊዶም አንድ አበምኔትና የአሬዞ ካህናት አለቃ የነበሩት ጴጥሮስ ተከትለዋቸው ወደ ሮም ሄዱ። ጊዜው 1028 ገደማ እንደ ነበር ይታሰባል።

በዚያም የሆነውን አባ ጊዶ ራሳቸው በደብዳቤያቸው ተርከውታል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በደስታ ተቀበሏቸው፤ ብዙም አነጋገሯቸው። አንቲፎናርዮውን እንደ ድንቅ ነገር እየገለጡ ተመለከቱት፤ በመጀመሪያው ላይ የተጻፉትንም ደንቦች ደጋግመው አነበቡ። ከዚያም ቀድሞ ሰምተዋት የማያውቋትን አንዲት የዜማ ክፍል ከመጽሐፉ አንብበው እስኪያዜሙ ድረስ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። በሌሎች ላይ ሲነገር በጭንቅ ያመኑትን በራሳቸው ላይ ተፈጽሞ አዩት።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አባ ጊዶ በሮም ተቀምጠው ካህናቱን እንዲያስተምሩ ፈልገው ነበር። ነገር ግን የሮም አካባቢ በበጋ ሙቀትና በረግረግ የተነሣ ለጤና አስጊ ነበርና መነኩሴው ታመሙ። ክረምት ሲገባ ተመልሰው እንዲያስተምሩ ተስማምተው ከከተማዋ ወጡ።

የቅዱሱ ጸጸት

በዚያው ሰሞን አባ ጊዶ የቀድሞ አባታቸውን፣ የፖምፖዛን አበምኔት ለማየት ሄዱ። አንባብያን ሆይ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ፊት ከመቅረብ ይልቅ ልብ የሚነካው ይህ መገናኘት ይመስለናል። አበምኔቱ አንቲፎናርዮውን በዓይኑ ባየ ጊዜ ወዲያው መልካምነቱን አመነ፤ ቀድሞ ከቅናተኞቹ ጋር በመስማማቱም ተጸጸተ። አባ ጊዶም ወደ ፖምፖዛ እንዲመለሱ ለመናቸው። ለመነኩሴ ከጳጳስ ግቢ ይልቅ ገዳም እንደሚሻለው፣ በተለይም በዚያ ዘመን መንፈሳዊ ሹመትን በገንዘብ የመግዛት ኃጢአት በብዙ ጳጳሳት ዘንድ ስለ ተስፋፋ እንዲጠነቀቁ መከራቸው።

አበምኔቱ በ1046 ሲያርፍ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ብላ አክብራዋለች። እንግዲህ ቅዱስ ሰው እንኳ የሰማውን ሳያጣራ በወንድሙ ላይ ሊፈርድ እንደሚችል እዚህ እናያለን። ቅድስናው የታየው ግን ስሕተቱን ባወቀ ጊዜ ሥልጣኔ ይነካል ሳይል፣ የገዛ መነኩሴውን ተመለስልኝ ብሎ በመለመኑ ነው። አባ ጊዶም በበኩላቸው ቂም አልያዙም፤ የአበምኔታቸውን ምክር በአክብሮት ተቀብለው ወደ ገዳም ሕይወት ለመመለስ አሰቡ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድሜያቸው በታሪክ ፊት ግልጽ አይደለም፤ የሞቱበት ቀንና የተቀበሩበት ስፍራም አይታወቅም። የድምፆችን ስም ለዓለም ያስተማሩ ሰው የራሳቸው ስም የተጻፈበት መቃብር የላቸውም።

ስድስቱ ስሞች

ለሚካኤል በጻፉት በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ነው ዛሬ በመዘምራን አፍ ላይ ያሉት ስሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኙት። ምክንያታቸው ይህ ነበር። ልጅ አንድን ድምፅ ለመያዝ መሣሪያ እየመታ ቢማር፣ መሣሪያው ሲርቀው ድምፁም ይጠፋበታል። ስለዚህ በልቡ አስቀድሞ በሚያውቀው ዜማ ላይ ይደገፍ፤ ያን ዜማ በማንኛውም ጊዜ ሊያስታውሰው ይችላልና።

ለዚህም የመረጡት በቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ የልደት በዓል፣ ጁን 24 ቀን የሚዘመረውን የላቲን መዝሙር ነው። ቃሉን የደረሰው በ8ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሞንቴ ካሲኖ መነኩሴ ጳውሎስ ዲያቆን እንደ ሆነ ይነገራል፤ ዜማውን ግን ራሳቸው አባ ጊዶ ሳያበጁት አልቀሩም የሚሉ ሊቃውንት አሉ። መዝሙሩ የአገልጋዮች ከንፈር እንዲነጻ፣ የቅዱሱንም ሥራ በነጻ ድምፅ እንዲያመሰግኑ የሚለምን ጸሎት ነው። ሲወለድ የአባቱ የዘካርያስ አንደበት የተፈታለት ቅዱስ የድምፅ መጀመሪያ መሆኑ እንዴት የተገባ ነው!

የዚያ መዝሙር የመጀመሪያ ስድስት ሐረጎች እያንዳንዳቸው ከቀደመው በአንድ ደረጃ ከፍ ብለው ይጀምራሉ። አባ ጊዶ የየሐረጉን የመጀመሪያ ክፍለ ቃል ወስደው ለየድምፁ መጠሪያ አደረጉት፤ ኡት፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ተባለ። ልጁ ስሙን ሲጠራ መዝሙሩ ይታወሰዋል፤ መዝሙሩ ሲታወሰው የድምፁ ከፍታ ወደ ጆሮው ይመጣል። በሚና በፋ መካከል ያለው ርቀት ከሌሎቹ የጠበበ መሆኑንም በዚሁ ይለየዋል። በዚህ መንገድ አዲስ ዜማ ሲቀርብለት የእያንዳንዱን ድምፅ ቦታ ከሚያውቀው ጋር እያስተያየ ያገኘዋል።

ከስሞቹ የተወለዱ ቃላት

ዘመናት ባለፉ ጊዜ በስድስቱ ስሞች ላይ ለውጥ ተደርጓል። ኡት ለአዝማሪው አፍ ስለሚከብድ በ17ኛው መቶ ዘመን በጣሊያን ዶ በሚለው ተተካ። ሰባተኛውም ድምፅ ከጊዜ በኋላ ሲ ተባለ፤ ይህም በዚያው መዝሙር መጨረሻ ላይ ከሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የላቲን ስም መነሻ ፊደላት የተገኘ ነው። በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ሲ የሚለው ቲ ይባላል፤ አንዳንድ መዘምራኖቻችን እንዲህ ሲሉ የምንሰማው ከዚያ ወርሰው ነው።

ሌሎችም የመዘምራን ቃላት ከዚህ ምንጭ ጋር ይያያዛሉ። ሶልፌጅ የሚባለው የድምፅ ንባብ ትምህርት ስሙን ያገኘው ከሶልና ከፋ ነው። ኖታ በላቲን ምልክት ማለት ሲሆን፣ የምልክቱን ቦታ በመስመርና በመስመር መካከል ያጸኑት አባ ጊዶ ናቸው። በመስመሩ መጀመሪያ ላይ የሚሣለው፣ በአውሮፓ ቋንቋዎች ቁልፍ የሚል ትርጉም ያለው ምልክት እርሳቸው በመስመሩ ራስ ላይ ይጽፉት ከነበረው ፊደል የመጣ ነው። ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች የድምፆችን መሰላል በግሪክኛው ፊደል በጋማ ስም የሚጠሩት፣ በጥንቱ ትምህርት ከሁሉ ዝቅ ያለው ድምፅ በዚያ ፊደል ይጻፍ ስለ ነበር ነው። የድምፆቹ ስሞች በግራ እጅ ጣቶች አንጓ ላይ የተጻፉበት ሥዕልም በብዙ ጥንታውያን መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል፤ መምህሩ አንጓውን በጣቱ እየነካ ሲያመለክት ልጆቹ ያንን ድምፅ ያወጣሉ። ሥዕሉ የጊዶ እጅ ይባላል እንጂ በእጃችን ባሉት የእርሳቸው ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም፤ ስማቸው የተሰጠው ለክብራቸው ነው።

አዲሱ አጻጻፍ ያሳጣው ነገር የለም ማለት ግን አይቻልም። የድምፁ ከፍታ በመስመር ሲታሰር፣ የቀድሞዎቹ ምልክቶች ይዘውት የነበረው ረቂቅ የአዘማመር ለዛ ቀስ በቀስ ተረሳ። በ19ኛው መቶ ዘመን በፈረንሳይ የሶሌም ገዳም መነኮሳት የጥንቱን ብራና ከኋለኛው ጋር እያስተያዩ የተረሳውን ለመመለስ ብዙ ደከሙ። በ1882 በአሬዞ ከተማ ለአባ ጊዶ ሐውልት ሲቆም፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሊቃውንት በዚያው ተሰብስበው ስለዚህ ጉዳይ መክረዋል። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛም በ1903 ስለ ቅዱስ ዜማ ባወጡት መመሪያ ጥንታዊው ዜማ ወደ ክብሩ እንዲመለስ አዘዙ። ምእመናን በዝማሬ ተካፋይ እንዲሆኑ ያሳሰበው ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ባጸደቀው የሥርዓተ አምልኮ ሰነድ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለቅዱስ ዜማ ሰጥቷል።

በእኛ አገር

ይህን ታሪክ ስናነብ የራሳችንን ሀብት መዘንጋት አይገባንም። በትውፊታችን በ6ኛው መቶ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ዜማን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ከፍሎ አስተምሮናል። የግዕዝ ሥርዓት የምትከተለው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያናችንም ከዚሁ ምንጭ ትቀዳለች። በ16ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁ ይነገራል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ የተባሉት ምልክቶች ስማቸው ራሱ ለዘማሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግሩታል። ከእነርሱም ጋር ከታወቀ ዜማ ቃል ተቀንሰው የሚጻፉ ፊደላት አሉ፤ ዘማሪው ፊደሉን ሲያይ ያ የታወቀ ዜማ ይመጣለታል። የአገራችን ሊቃውንትና የአሬዞው መነኩሴ ሳይተዋወቁ በአንድ አሳብ ተገናኝተዋል፤ ሁለቱም ያልታወቀውን በታወቀው አስተምረዋል።

ከሕይወታቸው የምንማረው

ለመዘምራን መሪዎችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የአባ ጊዶ ሕይወት ሦስት ነገር ያሳስባል። መጀመሪያ፣ ሕፃኑ ከሚያውቀው ነገር ተነሥተን ወደማያውቀው እንምራው፤ የምናስተምረውንም ነገር በስሙ እንጥራለት። ስም ያልተሰጠው ነገር በልብ ውስጥ ማረፊያ የለውም።

ሁለተኛ፣ እውነተኛ መምህር ተማሪው አንድ ቀን ያለ እርሱ መቆም እንዲችል አድርጎ ያስተምራል። በየማኅበራችን መዝሙሩን፣ ደብተሩንና የመሣሪያውን ጥበብ ለብቻው ይዞ፣ እኔ ከሌለሁ አይሆንም የሚል ሰው አይታጣም። እርሱ ሲታመም ወይም አገር ሲለቅ ዝማሬው አብሮት ይቆማል። ውኃው በጉድጓዱ ሞልቶ ሳለ ገመዱን የደበቀ ሰው ለተጠሙት ምን መልስ ይሰጣል?

ሦስተኛ፣ ወጣቶች አዲስ ነገር ይዘው ሲመጡ ሳንመረምር አንግፋቸው፤ ገፍተናቸው ከሆነም የፖምፖዛው አበምኔት እንዳደረገው ይቅርታ ጠይቀን እንመልሳቸው። የተገፉትም እንደ አባ ጊዶ ስጦታቸውን አይንፈጉ።

አባ ጊዶ ለሚካኤል ሲጽፉ አንድ ተስፋ ገልጸው ነበር። የቀደሙት ሰዎች አሥር ዓመት ላደከሟቸው መምህራን እንኳ ይጸልዩ ከነበረ፣ መንገዱ የቀለለላቸው የኋለኞቹ ትውልዶች ለእርሳቸውና ለወንድማቸው ምሕረትን እንደሚለምኑ ተማምነው ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሺህ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እንግዲህ የቁምስናችን ልጆች በሚቀጥለው ልምምድ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብለው ሲጀምሩ፣ መሪው ለአንድ አፍታ አቁሞ ይህን ታሪክ ቢነግራቸው፣ ለእነዚያ ለሁለቱ መነኮሳትም አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቢያደርሱላቸው፣ የቆየውን ዕዳ በመጠኑ እንደ መክፈል ይቆጠራል።